የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ምጣድ

«በማጀታችሁ ከሸክላ የተሠራ ስንት ዕቃ አለ?» ተብለን ብንጠየቅ፣ በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ሁለት ወይም ሦስት ላይ እንቆማለን። ጀበና አለ። ለበዓል ዶሮ ብቻ የሚወጣ ድስት ይኖራል። እጣን ማጨሻ አይጠፋም። ምጣድ ሲባል ግን «እኔስ በኤሌክትሪክ ነው የምጋግረው» የምትል እህት ትኖራለች፤ እስኪ አክምባሎውን አንስታ ትየው። ሊጡን የምታዞርበት ገጽ ራሱ ሸክላ ነው፤ የሚያሞቀው ሽቦም የተጋደመው በሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ነው። ሽቦውን የዘረጋው ሌላ ባለሙያ ይሆናል፤ ጭቃውን ያቦካችው ግን አንዲት ሴት ናት።

ስለዚህች ሴት ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ክትባት ይዘን በኮምቦልቻ ዙሪያ ገጠሩን ስንዞር፣ ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ የተሠራ ቤት ካየሁ ሳልጠይቅ እገምት ነበር፤ ወይ የአንጥረኛ ነው፣ ወይ የሸክላ ሠሪ። ብዙውን ጊዜ አልተሳሳትኩም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ደሴ ሰኞ ገበያ ሸክላቸውን ዘርግተው ከሚሸጡት መካከል ከአንዲት እናት ጋር ተወዳጅተናል። ሰባን አልፏቸዋል። «ሲስተር» ይሉኛል፤ ገበያው የቀድሞ ሥራዬን አልረሳውም። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ምክንያቱን ወደ ታች ታነቡታላችሁ።

ቤታቸው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው። አንድ ቀን ሄጄ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠሩ ዋልኩ።

ሁሉም አፈር ሸክላ አይሆንም። እሳቸው ቆንጠር አድርገው ያረጥቡትና በሁለት ጣታቸው መካከል ያሹታል፤ ሲጠቀለል የማይሰነጠቀውን ይወስዳሉ፣ የሚፈረካከሰውን ይተዋሉ። ጥሩው አፈር ከላይ አይገኝም። ስለዚህ ጉድጓዱ በየዓመቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ያለው ጣሪያ ይሳሳል። አፈር የተናደባቸው ሴቶች ነበሩ። ያንን አፈር በጀርባ አዝሎ ቤት ማድረስ፣ ማስጣት፣ መውቀጥ፣ መንፋት፣ መዘፍዘፍ ይከተላል። ገና ምንም አልተሠራም።

የተሰበረ ዕቃ በእሳቸው ቤት አይጣልም። ገሉ ተወቅጦና ተነፍቶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቦካል። እኔ ለቁጠባ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ሁለተኛ ስለማይኮማተር፣ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ከውስጥ ሆኖ ይይዘዋል። ይህን ከማን ተማሩት ብላቸው «ከእናቴ ነዋ፣ ከማን ልማረው» አሉኝ። እናታቸውም ከእናታቸው። መለኪያ የለም፣ ሚዛን የለም፤ መጠኑ የተጻፈው መዳፋቸው ላይ ነው።

በብዙ አገር ጭቃው የሚዞርበት መንኮራኩር አለ። እዚህ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። የቦካውን ጭቃ መሬት ላይ ያስቀምጡና መሐሉን በጡጫ ይከፍቱታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ዙሪያውን እየዞሩ ግድግዳውን ወደ ላይ ይስቡታል። ሲያንስ በእጃቸው ያድቦለቦሉትን ጭቃ ይቀጥሉበታል፣ በቅል ስባሪ ይልጉታል። ጀበና በአንድ ጊዜ አያልቅም። ሆዱ ተሠርቶ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል፤ ቶሎ አንገት ከተጫነበት ሆዱ ይተኛል፣ ከዘገየ ደግሞ አንገቱ አይያያዝም። ትክክለኛዋን ሰዓት የሚያውቁት ጣታቸውን አሳርፈው ነው። እኔ የሕፃን ትኩሳት በእጄ ጀርባ እንደማውቀው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ምጣድ ነው። ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ደግሞ ቀጭን መሆን አለበት። ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጥላ ነው የሚደርቀው፤ ንፋስ ሲመጣ ይሸፈናል፣ ሲረግብ ይገለጣል፤ ልጅ እንደማስተኛት ያለ ሥራ ነው። ከዚያ ገጹ በለስላሳ ጠጠር እስኪያብለጨልጭ ይታሻል። እንጀራው ሳይቀደድ የሚነሳው በዚህ ድካም ነው።

መቃጠያው ቀን ኩበት፣ ጭራሮና ገለባ ተደርድሮ ዕቃው በመሐሉ ይቀመጣል። ምድጃም የለ፣ ጣሪያም የለ፤ ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ እሳት በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ጃፓኖች ወይም ቻይናዎች በዝግ ምድጃ የሚያወጡት ጠንካራ ሸክላ ከ1200 ዲግሪ በላይ ያየ ነው። የኛው ሸክላ ዝቅ ባለ እሳት በመብሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚያው ነው። ውሃው በቀዳዳዎቹ ጥቂት ጥቂት ወደ ውጭ ይዘልቅና ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በጤና ሥራዬ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አደንቅ ነበር፦ የእንስራ አንገት ጠባብ ነው፣ እጅም ኩባያም አይገባበትም። አፈ ሰፊ ባልዲ ቤት ከገባ በኋላ፣ ከንጹሕ ምንጭ የመጣ ውሃ በልጆች እጅ ሲበከል ስንቴ አየን! እናቶቻችን ስለ ተሕዋስያን ሳይሰሙ የሠሩት ዕቃ እኛ በትምህርት ከምንሰብከው ይቀድም ነበር።

እሳቱ ሲበርድ ማን እንደተረፈ ይታያል። «ከአሥር ምጣድ ሰባቱን በሰላም ካወጣሁ አልሐምዱሊላህ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጉዞ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን የምታውቁት ሐረጎን ታውቁታላችሁ። እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ምጣድ የሚጭን ሚኒባስ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሹፌሩ ቦታ ይይዛል ይላል፣ ረዳቱ ቢሰበር አላውቅም ይላል። በገለባ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ እሳቸው እንደ አራስ አቅፈውት ነው የሚመጡት።

አንድ ሰኞ ታዲያ «እትዬ፣ ኮምቦልቻም እኮ ገበያ አለ፤ ለምን ይኼን ሁሉ ዳገት ይወጣሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺ ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?» አሉኝ። አውቀው ነበር፤ ያ ቤት የእሳቸው መሆኑን ነው ያላወቅኩት።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወሩ ጥቅምት ነበር። ኮምቦልቻና ከእሷ ወደ ቆላው ያለው አገር ክረምት ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር የወባ ወቅት ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዞት ዋለ፣ በማግስቱ ዓይኑ ተገልብጦ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ተበልቷል» አለች። ጭስ አጠኑት፣ «ማን ነው የበላህ?» እያሉ ጠየቁት። በትኩሳት የሚቃዥ ሕፃን የሚለው አያጣም፤ በዚያ ሰሞን ከብት ሲነዳ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ አልፎ ነበርና የእሷን ስም ጠራ። ሁለት ቀን በዚህ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እኔ ወደምሠራበት ጤና ተቋም ሲያመጡት ራሱን አያውቅም። ደሙ ሲመረመር ወባ ነው፤ ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር። ሌሊቱን አልተሻገረም።

ያን ቤተሰብ አልወቅስም፤ ልጅ የሞተበትን ሰው ምን ይሉታል? ግን ያ ቃል የገደለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሴትዮዋን ማንም አልመታቸውም፣ ቤታቸውንም አላቃጠለም። ቡና ጥሩን የሚላቸው ጠፋ። ዕቃቸውን የሚገዛ ጠፋ። ሴት ልጃቸው ታጭታ ነበር፤ የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሱ።

«ደሴ ላይ ሰው የሚያየው ምጣዱን ነው» አሉኝ። «እኔን ማን አውቆኝ።»

ስማቸውን የማልጽፈው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አያቶችን ማነጋገር እፈልጋለሁ፤ እኔም አያት ነኝ። ሕፃን አቅፈን «ዓይን እንዳያገኘው» ስንል፣ ለቅኔና ለጨዋታ ያህል «የነገሌ ዘር እኮ ናት» ስንል ልጆቹ ይሰማሉ። ትኩሳት ያለው ልጅ ሲንቀጠቀጥ ስሙ ሌላ ነው፤ ወባ ሊሆን ይችላል፣ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ የትኩሳቱ ኃይል ብቻም ሊሆን ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ ፍቱ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ጭስ አታጭሱበት፣ ይዛችሁት ሂዱ። በወባማ አካባቢ ደግሞ ልጅ ካተኮሰው ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ መታየት አለበት። በእነዚያ ሁለት ቀናት መድኃኒት ቢያገኝ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይመላለስብኛል።

የእጅ ባለሙያን በሥራው መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ ለማስቆም የተሞከረውም ዛሬ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ስም እያወጡ መስደብን ከልክለዋል። እኛ ደሴዎች ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለን፤ ስሙ አይጠየፍ። በስሙ እንኮራለን፣ ለእንግዳ እናሳየዋለን። በዚያ አዳራሽ ለበላው ሕዝብ እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ፣ ጠላው የተጠመቀበትን ጋን የሠሩት ሴቶች ከአዳራሹ የትኛው ጥግ ተቀምጠው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ነገሩ ሸክላው ራሱ የተናቀ ሆኖ አይደለም። የነቀምቱ ተወላጅ ማሞ ተሰማ አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በአልፍሬድ ሄዶ የሸክላ ጥበብ ተምሮ ሲመለስ አገር አከበረው፣ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊም ሆነ። ይገባዋል። ጭቃው ግን ያው ጭቃ ነው፤ እሱ «የጥበብ ሰው» ሲባል እሳቸው «ሸክላ ሠሪ» ናቸው።

የልጅ ልጄ ባለፈው በስልኩ የጃፓን ሸክላ ሠሪዎችን ፊልም አሳየኝና ጉዳዩን አነባብኩ። ከቶኪዮ በስተሰሜን ማሺኮ የምትባል ከተማ አለች። ሥራዋ ለቶኪዮ ማጀቶች እንስራና ድስት ማቅረብ ነበር፤ ማንም ጥበብ አይለውም። ሾጂ ሃማዳ የተባለ የተማረ ሸክላ ሠሪ እንግሊዝ አገር ሠርቶ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 እዚያች የማጀት ዕቃ ከተማ ገብቶ የአካባቢውን አፈር ይዞ መሥራት ጀመረ። በሥራው ላይ ስሙን መጻፍም ተወ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ቅርሷን የምትጠብቅበት ሕግ አወጣች፤ በዚያ ሕግ የሚጠበቀው ሕንፃና ሐውልት ብቻ ሳይሆን ሙያውን በእጁ የያዘው ሰውም ጭምር ነው። ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ይላቸዋል። ሃማዳ በ1955 ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ ግዴታቸው ሙያውን ለተተኪ ማስተማር ነው።

እኔን ግን የበለጠ የነካችኝ የዚያችው የማሺኮ ሴት ሚናጋዋ ማሱ ናት። ከ1874 እስከ 1960 የኖረች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ተራራና ውሃ ስትስል ያረጀች ሠራተኛ ናት፤ በቀን በመቶ የሚቆጠር ማንቆርቆሪያ ትስል ነበር። እነ ሃማዳ ናቸው እጇን አይተው «ይህች ናት ባለሙያ» ያሉት። ቱኒዚያም የሰጅናን ሴቶች በእጃቸው የሚሠሩትን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት አስመዝግባለች፤ እነሱም መንኮራኩር የላቸውም፣ የሚያቃጥሉትም ሜዳ ላይ ነው።

ይህን ለእናታችን ሳጫውታቸው ሳቁ። «መንግሥት ደመወዝ ይከፍላታል? ለጭቃ?» ካሉ በኋላ ቆም ብለው «ጭሱንስ እዚያ ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ከሁሉ ጥያቄያቸው ይኸኛው ለእኔ ነበር።

የእሳቸውን ደረት በማዳመጫ ሰምቼዋለሁ። ሲጃራ አፋቸው ገብቶ አያውቅም፤ ሳንባቸው ግን ሲያጨስ እንደኖረ ሰው ያፏጫል። የኩበት ጭስ ነው፣ በላዩ ደረቅ አፈር ሲነፋ የሚነሳው ብናኝ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ማገዶ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም መሞታቸውን ገምቷል፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ የምትገቡት ሸክላ ሠሪዎች ብቻ ሳትሆኑ እኛ ማጀት ያደግነው ሁላችን ነን። ጉልበታቸው ከመቆልመም ብዛት አይዘረጋም። በአራስነታቸው አፈር ተሸክመው ማህፀናቸው ዝቅ ያለባቸው ሸክላ ሠሪዎችም አይቻለሁ፤ አፍረው ለዓመታት ደብቀውት። የመከርኳቸው ቀላል ነገር ነው፦ አፈሩ ሲነፋ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አፍና አፍንጫ በነጠላ ይሸፈን፣ እሳቱ ሲነድ ከንፋሱ ጀርባ ቁሙ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ዱካውን ተቀብለውኛል። ሌላውን «አብሽሪ፣ እናየዋለን» ብለው አልፈውታል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ገበያ መጥተው ጥሬ ሸክላ ይለምኗቸዋል፤ ሽታው ያምራቸዋል፣ ያላምጡታል። ልጆቻችሁ ወይም ምራቶቻችሁ እንዲህ ሲያደርጉ ካያችሁ «አማራት» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ አፈሩም የሆድ ትል ይዞ ሊገባ ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትታይ።

ዕቃ ስትገዙ ደግሞ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ጀበና ከሆነ ውሃ ሙሉበትና ሥሩን እዩ። አዲሱን ጀበና በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ውሃና የቡና አተላ ጨምራችሁ በለስላሳ እሳት ደጋግማችሁ አፍሉበትና ድፉት፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ የአፈር ጣዕሙም ይለቃል። ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር እየታሸ ነው የሚሟሸው፤ ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ሊጥ አፍሶ «ሸክላዋ ሙያ የላትም» ማለት ነውር ነው። ትኩስ ዕቃ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም። እነዚህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁም።

ፕላስቲኩና ብረቱ መምጣቱን እሳቸው አይቃወሙም። ጀሪካን እንስራን ገደለ ሲባል «እሰይ፣ የኔንም ጀርባ አሳረፈ» ነው መልሳቸው። ውሃ በእንስራ የወረደች ሴት ብቻ ናት እንዲህ የምትለው። ምጣድና ጀበና ግን አልሞቱም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ መብራቱ ጠፋ፤ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ከነሽቦው ቆመ። ከጓሮ ተጥሎ የነበረውን የማገዶ ምጣድ አቧራውን ጠርገን ጉልቻ ላይ የጣድነው ያን ጊዜ ነው። ስንጥቅ የሌለበት ምጣድ ያለው ቤት ለሦስትና ለአራት ቤት ይጋግር ነበር። በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ዕቃው የተወሰደበት ብዙ ነበርና እናታችን በዚያ ዓመት እንደዚያ ሸጠው አያውቁም፤ ሲነግሩኝ ግን አልተደሰቱበትም።

ያቺ እጮኛዋ ቃሉን ያነሳባት ልጃቸው በኋላ አግብታለች፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ጭቃ አትነካም። እናትየው አልፈረዱባትም። የእሷ ልጅ ግን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ቅዳሜና እሑድ አያቷ ዘንድ ትውላለች። በዚያ በሄድኩበት ቀን የጣት ያህል ትንንሽ ጀበናዎች ሠርታ ጥላው ውስጥ ደርድራ ነበር፤ ጓደኞቿ ጌጥ ብለው ይገዟታል። አንገታቸውን የምትቀጥልበትን ሰዓት አያቷን አልጠየቀችም። ጣቷን አሳርፋ ቆየች፣ ከዚያ ቀጠለች። አያትየዋ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

ስለ ነገ ስጠይቃቸው ወደ ሰማዩ ነው ያዩት። ክረምት ሲገባ ሸክላ አይደርቅም፣ ኩበቱም ይርሳል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገቢ የለም። ምጣድ የምትፈልጉ ሰኔ ሳይገባ እዘዙ ብለዋል።